ልጄ የቦሩ ሜዳን ታሪክ አንብቦ ጡት እናቱን አኮረፈ

«ይህን ደብዳቤ የምልክልዎት ከሐይቅ አካባቢ ነው። የጻፈችልኝ ሴት ልጄ ናት፤ እኔ አልተማርኩም። ሙስሊም ነኝ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት። ልጄን የወለድኩ ጊዜ ታምሜ አርባ ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። እሷም በዚያው ወር ወልዳ ነበርና የእኔን በአንድ ጡቷ፣ የራሷን በሌላው ይዛ አሳደገችልኝ። ልጆቹ ከአንድ ሰፌድ በልተው፣ አንድ ትምህርት ቤት ገብተው አደጉ። አሁን ሁለቱም በየፊናቸው ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

ለአረፋ ልጄ መጣ። ጎረቤቴ እንደ ወትሮው ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፤ ቀሪቦ ቀዳሁላት። ልጄ አልተነሳላትም። ‹ምነው?› ስለው ‹የአያቶቼን ሃይማኖት በግድ ካስለወጡ ሰዎች ልጅ ጋር አልቀመጥም› አለ። ሰማችው። ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ‹አላህ ያሳድግህ ልጄ› ብላ ወጣች። ሕፃን ሆኖ ሲያስነጥሰው የምትለውን ነው ያለችው። በሁለተኛው ቀን የእሷ ልጅ ደግሞ ‹እናንተ መጀመሪያ በግራኝ ጊዜ ያቃጠላችሁትን ቤተ ክርስቲያን ክፈሉ› ብሎ በስልክ ጻፈለት። ይኸው ወር ሊሞላን ነው፣ ቡና አልተጠራራንም። በቅሬው፣ በቀብር ማኅበራችን ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ ዝም ነው።

ልጄ የሚለው እውነት ነው? ካልሆነ ምን ብዬ ልመልሰው? እውነት ከሆነስ በምን ዓይኔ ልያት?»

እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በእያንዳንዱ ጊዜ «አላህ ያሳድግህ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

የጠየቁኝን በቀጥታ ልመልስ። ልጅዎ ያነበበው ነገር በእርግጥ ሆኗል። የጎረቤትዎ ልጅ የጻፈውም ሆኗል። ስለዚህ «ውሸት ነው፣ ሰው ለማጣላት የተፈጠረ ወሬ ነው» ብለው እንዳይመልሱት እለምንዎታለሁ። የሚያውቀውን ነገር ውሸት ነው ካሉት፣ ነገ ስለ ጡት እናቱ የሚነግሩትንም አይቀበልዎትም። ታሪክ ማወቁን አይንቀፉበት፤ የተሳሳተው ዕዳውን ከማን እንደሚጠይቅ ነው። ይህን ደግሞ በቁጣ ሳይሆን በዚያው ባነበበው ታሪክ ውስጥ ማሳየት ይቻላል። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፣ ብዙ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁና የማውቀውን ልንገርዎት፤ እርስዎም እንደሚመችዎት አድርገው ይንገሩት።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን ነው፣ ከእናንተም ሩቅ አይደለም። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ አራተኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እዚያ ጉባኤ ተቀመጡ። ጉባኤው መጀመሪያ የተጠራው በክርስቲያኖች መካከል ለነበረ የሃይማኖት ክርክር ነበር። የክርስቶስ ልደት ሦስት ነው የሚሉት የ«ሦስት ልደት» ወገኖች ተረቱ፤ እምነታቸውንም እንዲተዉ ታዘዙ። ከዚያ ትእዛዙ ወደ ወሎ ሙስሊሞች ዞረ፤ የሦስት ዓመት ቀነ ገደብ ተቆረጠላቸው። ሹሞቹ ቀደሙ። የወረ ሂመኖው መሐመድ አሊ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆነውት ሚካኤል ተባለ። ኢማም አመዴ ሊበንም ምኒልክ የክርስትና አባት ሆነውት ኃይለ ማርያም ተባለ። ተራው ሰው ምርጫው ጠበበ። የተጠመቀ ተጠመቀ። ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ማታ በሩን ዘግቶ የሚሰግድ ነበር። ሀገሩን ጥሎ የተሰደደ ብዙ ነው። ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን ተከትሎ የተዋጋም አለ። ልጅዎ ሸህ ጦልሃን ባያውቃቸው ይወቃቸው፤ አማርኛን በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ ግጥም ያቆዩልን አሊም ናቸው። ያ ሁሉ መከራ ሲወርድ የጻፉበት ቋንቋ ጡት እናቱ እሹሩሩ ያለችበት ቋንቋ ነው።

ይህን የምነግርዎት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የአባቴ እናት ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ዓርብ ረቡዕ የማትገድፍ ሴት ነበረች። ስትሞት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቀብር መልስ አክስቴ የጌጥ ሙዳይዋን ስትከፍት፣ ከብር መስቀሏ ሥር በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ሙስበሃ፣ የሙስሊም የጸሎት መቁጠሪያ፣ ወጣ። ጥቁር እንጨት ነው፤ ፍሬዎቹ በጣት ብዛት ተወልውለው ያብረቀርቃሉ። ክሩ ሁለት ቦታ ላይ ተበጥሶ በሌላ ቀለም ክር ተቀጥሏል። በቤታችን ያን ዕቃ ከዚያ በፊት አይቶት የሚያውቅ አልነበረም። የአባቴ ታላቅ ወንድም ብቻ «የአባቷ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የአያቴ አባት ሁለት ስም እንደነበረው የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አንዱን ቄሱ ነው ያወጡለት፣ አንዱን እናቱ። ክሩን የቀጠለው እጅ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አስባለሁ። የእሱ ከሆነ በድብቅ ይሰግድ ነበር ማለት ነው። የአያቴ ከሆነ ደግሞ፣ ያቺ ጾም የማትገድፍ ሴት የአባቷ ጸሎት እንዲበጠስ አልፈለገችም።

እንግዲህ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ልጅዎ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ «የአስገዳጆቹ ልጅ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን የተገዳጁ ልጅ ነኝ። ከ1870 በኋላ በወሎ ክርስቲያን ሆኖ ከቀረው ሰው መካከል አያቱ ያን አዋጅ በጫንቃው የተቀበለ አለ። ሙስሊም ሆኖ የቀጠለው ደግሞ አያቱ የሸሸ፣ የደበቀ፣ ወይም ጊዜው ሲያልፍ የተመለሰ ነው። የአንድ እናት ልጆች ሆነው በሁለቱም መንገድ የሄዱ አሉ። የጎረቤትዎን የዘር ሐረግ አላውቅም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ ከነበሩበት ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አጠገባችሁ ነውና አያቶቿ ከጥንትም ክርስቲያን ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም በዚያ በግንቦት ወር ስማቸውን የተቀሙ ሰዎች ልጅ ልትሆን ትችላለች። እንዲያ ከሆነ ልጅዎ በአረፋ ቀን ያስወጣት፣ እሱ የሚያለቅስላቸው ሰዎች ራሳቸው የወለዷትን ሴት ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢነግሩትና ለአንድ ሌሊት ቢያስብበት ለእኔ ይበቃኛል።

ወደ ጎረቤትዎ ልጅ ልምጣ። ግራኝ የሚባለው ኢማም አሕመድ በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ዓፄ ልብነ ድንግልን ካሸነፈ በኋላ በ1524 ያኔ ቤተ አምሐራ ወደሚባለው ወደዛሬው ወሎ ዘለቀ። ናዖድ አስጀምረውት ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ ሌላም ብዙ ጠፋ። ክርስቲያኑ ይህን ቢያስታውስ አይፈረድበትም። ግን «እናንተ» ያለው ማንን ነው? ኢማሙ በ1535 ሞተ፤ ጦሩ ተበተነ። ከዚያ በኋላ በዚያው ምዕተ ዓመት ኦሮሞዎች ወደ ሀገሩ ገብተው ሰፈሩ፤ «ወሎ» የሚለውም ስም ከእነሱ የመጣ ነው። የወረዳዎቹን ስም ይቁጠር፦ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ለጋምቦ፣ ቦረና። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፤ «ለገ» ወንዝ ነው። የመጡት ከነበሩት ጋር ተጋቡ፤ ቋንቋ ተዋዋሱ፤ ብዙዎቹ ሰለሙ፤ የተጠመቁም አሉ። የእርስዎ ልጅ አያቶች በ1524 የት ነበሩ? ከአቃጣዩ ጋር? ከተቃጠለባቸው ጋር? ወይስ ገና ሀገሩን አላዩትም? ሦስቱንም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ሰው ብዙ ቅድመ አያቶች አሉት። በወሎ ላይ «እናንተ» ብሎ ጣት የሚቀስር ሰው ጣቱ የት እንደሚያርፍ አያውቀውም።

ሁለቱንም ልጆች አስቀምጬ ብነግራቸው የምወደው አንድ ታሪክ አለ፤ የወርቂት ታሪክ። ወርቂት የወሎ ገዥ ነበረች፤ ሙስሊም ናት። ዓፄ ቴዎድሮስ ወሎን ለመያዝ ብዙ ዓመት ተዋግተዋል፣ ልጇንም ይዘው መቅደላ ላይ አስረውታል። በ1857 ዓ.ም. እዚያው መቅደላ ታስሮ የነበረው የሸዋው ወጣት ምኒልክ በሌሊት አምልጦ ወደ እሷ ግዛት ገባ። አስቡት እስቲ፣ አንዲት እናት ናት። ልጇ በጠላት እጅ ነው። የጠላቷ እስረኛ ደግሞ በእጇ ገብቷል። ቴዎድሮስ ምኒልክ የት እንደገባ ሲያውቁ የወርቂትን ልጅ አስገደሉት። እሷ ምኒልክን አሳልፋ አልሰጠችውም፤ ወደ ሸዋ ሸኘችው። ሙስሊሟ እናት በልጇ ደም የክርስቲያኑን ልዑል ነፍስ አተረፈች። ከ13 ዓመት በኋላ ያው ምኒልክ ቦሩ ሜዳ ላይ ከዮሐንስ ጎን ተቀመጠ። ዮሐንስ በ1881 መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ ግን ግዳጁን ያላላው እሱው ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ሃይማኖቱ የተመለሰው በእሱ ዘመን ነው። ከዚህ ታሪክ ውስጥ «ክርስቲያን እንዲህ ነው፣ እስላም እንዲያ ነው» የሚል ዳኝነት እንዴት ይወጣል? የሚወጣው ሥልጣን ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግና አንዲት እናት ምን ልታደርግ እንደምትችል ነው።

መሐመድ አሊ የነበረው ሚካኤልም ታሪኩ እንዲሁ ነው። ራስ፣ በኋላም ንጉሥ ሆነ፤ ደሴን ዋና ከተማው አደረገ። የምኒልክን ልጅ አግብቶ ልጅ ኢያሱን ወለደ። ኢያሱ በመስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲወርድ ከቀረበበት ክስ ዋናው ወደ እስልምና ማዘንበሉ ነበር። አባትየው የወሎን ጦር ይዞ ሸዋ ድረስ ወረደ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፈ። እዚያ ሜዳ ላይ የወደቀው የወሎ ገበሬ መስቀል ያሰረም ነበር፣ ሙስበሃ የያዘም ነበር። ንጉሡ ደሴ ላይ ያሠራው የግብር አዳራሽ ዛሬም «አይጠየፍ» ይባላል። ሃይማኖቱን በትእዛዝ ለለወጠ ሰው ቤት ያ ስም ምን ማለት እንደሆነ ልጅዎ ሄዶ ደጁ ላይ ቆሞ ያስብበት።

አሁን ደግሞ ለእርስዎና ለእኔ ትውልድ የሚሆን ነገር ልበል። ይህን ጸብ ያመጣው የልጆቹ ንባብ ብቻ አይደለም፤ የእኛ ዝምታም አለበት። ወሎ የፍቅር ሀገር ነው፣ ወሎ ላይ እስላምና ክርስቲያን አይለይም እያልን አሳደግናቸው። ዘፈኑም ይህን ይላል፣ የበዓል ንግግሩም ይህን ይላል። ቦሩ ሜዳን አልነገርናቸውም፤ መካነ ሥላሴንም አልነገርናቸውም። የአባቴ ወንድም «የአባቷ ነው» ብሎ ዝም እንዳለው ማለት ነው። ልጁ ሌላ ቦታ ሄዶ ሲሰማው፣ ያሳደግነው ቤት ሁሉ ውሸት መሰለው። ዘመን ያለፈበት ቁስል ሲነገረው ደግሞ የነገረው ሰው እውነተኛ፣ የደበቀው ሰው አታላይ ይሆንበታል። ልጅዎ በዚያ ቀን የተናገረው ንዴት ከፊሉ ለእርስዎም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

የወሎ ፍቅር ከሰማይ የወረደ ወይም ከደማችን የመጣ ነገር ቢሆን ኖሮ እነዚያ ነገሮች አይደርሱም ነበር። ሰዎች ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ቁጭ ብለው የሠሩት ሥራ ነው፤ ሕግ ያለው ሥራ ነው። የእናቴን ማጀት ላሳይዎት። ከምድጃው በላይ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አንድ ድስት፣ አንድ ጭልፋና አንድ ቢላ ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። «የእስላም ዕቃ» ይባላል። ልጅ ሆነን ብንነካው እንገረፍ ነበር። በፋሲካና በልደት በጉ ሁለት ይሆናል። አንዱን አባቴ በስመ አብ ብሎ ያርዳል። ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፤ ጎረቤታችን መጥተው ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል። ሚስታቸው ድስቱን ከመደርደሪያው ራሳቸው ያወርዱታል፤ ራሳቸው ይሠራሉ፤ ራሳቸው አጥበው ይመልሱታል። ከዚያ ሁሉም በየሰፌዱ፣ አንድ ጣራ ሥር። በአረፋ ደግሞ እኛ እንሄዳለን፤ ቀሪቦውንና ዳቦውን እንካፈላለን፣ ሥጋው ላይ እጃችንን አንዘረጋም፤ ማንም አያስገድደንም፣ ማንም አይቀየመንም። ያ መደርደሪያ ላይ ያለው ድስት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሃይማኖቱን ለጎረቤት ብሎ እንዲያላላ አልተጠየቀም። አንዴ በአዋጅ ተጠይቆ ምን እንደሆነ ያውቁታላ! «ሃይማኖትህን አልነካም፣ ማዕድህንም አልጥልም» የሚለውን ሕግ ያጸኑት የቦሩ ሜዳን ግዳጅ የቀመሱ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ቅሬውንም ይዩት። ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ እስከ መቃብሩ ይሸኛል፤ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይሄዳል፤ ንፍሮው አንድ ላይ ይቀቀላል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። በ1966ቱ ረሀብ፣ በ1977ቱም፣ ይህ ነገር ምን ያህል እንደተፈተነ የሚነግሩት ሽማግሌዎች በየሰፈሩ አሉ። ልጅዎ መጽሐፍ እንዳነበበ ሁሉ እነሱንም ይጠይቅ።

በዚያው በ1977 ስለደረሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ከልጅዎ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛልና። መንግሥት በሠፈራ ፕሮግራም ከ500,000 በላይ ሰው ከረሀቡ ሀገር አንስቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቡር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጎጃም ፓዌ ወሰደ። ብዙው ወሎዬ ነበር። ፈልጎ የሄደ አለ፤ ከእርዳታ እህል ሰልፍ ላይ ተይዞ የተጫነም አለ። እዚያ የነበረው ገበሬም መሬቱ ለሌላ ሲሰጥ አልተጠየቀም። ሁለቱም ሳይጠየቁ ጎረቤት ሆኑ። እነሆ የእነዚያ ወሎዬዎች የልጅ ልጆች እስከ ዛሬ «ሰፋሪ» ይባላሉ፤ በአንድ ጽሕፈት ቤት ስለተፈረመ ወረቀት ሰርቶ አደሩ ገበሬ ተጠያቂ ሲሆን፣ ሲፈናቀልና ሲገደል ኖሯል። የእኛው ዘመዶች ናቸው። ልጅዎ ይህ ግፍ ያንገበግበው ይሆናል፤ ማንገብገብም አለበት። በጡት እናቱ ላይ ያደረገው ከዚህ በምን ይለያል ብለው ይጠይቁት። የፈረመው ሌላ፣ የሚጠየቀው ሌላ።

አሁን ምን ያድርጉ? ስልኩን አይቀሙት፤ መጽሐፉንም አይደብቁበት። ሽማግሌም አይላኩ። አንዳንድ ሰው «አባጋሮቹ ይዩት» ሊልዎት ይችላል። አባጋር ለደምና ለትልቅ ጸብ ነው፤ ይህን አደባባይ ካወጡት ልጁ በሰው ፊት ተሸንፎ ቂም ይይዛል፣ ሰፈሩም በሁለት ይቆማል። ነገሩ በሁለት ቤት መካከል ይለቅ።

ልጅዎ ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ ከሆነ በዚያ በኩል ይግቡበት። ጡት ያጠባች ሴት በሸሪዓው እናት ናት፤ ልጇም ወንድሙ ነው። ክርስቲያን መሆኗ ይህን አያፈርሰውም። የሚያምናቸው ሸህ ካሉ እሳቸውን ይጠይቃቸው፤ ከእርስዎ አፍ ከሚሰማው ይልቅ ይቀበለዋል። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ልጆቹ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ነበሩ። እርስዎ አልጻፉትም፤ ግን ያን ሰሞን ማን ከማን ጋር እንደሸሸ፣ እህል ማን ለማን እንዳካፈለ እሱ ራሱ ያስታውሳል። አይንገሩት፤ ይጠይቁትና እሱ ይናገረው።

ሁለቱን ልጆች ቦሩ ሜዳ ቢልኳቸው ደስ ይለኛል። አሁን አይደለም፤ ንዴቱ ሲበርድ። ሜዳው ላይ ቆመው ማን ተቀመጠ፣ ማን ቆመ፣ ማን አዘዘ፣ ማን ታዘዘ ብለው ይነጋገሩ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ናቸው፤ ከእኔ የተሻለ ይጠይቃሉ። የጎረቤትዎ ልጅ ስለጻፈው ነገር ግን እርስዎ አይናገሩት። ያ የእናቱ ድርሻ ነው፤ ደግሞም የእርስዎ ልጅ ቀድሞ አቁስሏል።

ፊቷን እንዴት ልያት ላሉኝ። ይሂዱ። ልጁን አያስከትሉ፤ ተገዶ የሚጠየቅ ይቅርታ ለእሷም አይጥማትም። ጥሬ ቡና በነጠላዎ ጫፍ ቋጥረው ይሂዱና እሷ ቤት ይቆላ። አቦሉ እስኪወርድ ስለ ልጆቹ አያንሱ። ቶናው ላይ «ልጄ ባለሽ ነገር አፍሬያለሁ» ይበሏት። ቀጥለውም ያነበበው ነገር እውነት መሆኑን፣ እርስዎም እስከ ዛሬ እንደማያውቁት ይንገሯት። እሷም ልክ እንደ እርስዎ ወር ሙሉ «እውነት ይሆን?» እያለች እንቅልፍ አጥታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስለ አያቶቿ ይጠይቋት፤ ከየት እንደመጡ፣ ስማቸው ማን እንደነበር፣ ከእነሱ የቀረ ዕቃ ካለ። ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆናችሁ ይህን ጠይቀዋት አያውቁም ብዬ አስባለሁ። እኔም አያቴን ሳልጠይቃት ነው የሞተችው።

የምትነግርዎትን ነገር እርስዎ ለልጅዎ አይውሰዱለት። እሷ ራሷ ትንገረው፤ ክረምቱ ሳይወጣና ወደ ትምህርቱ ሳይመለስ።